ልጆቼንና ምጣዴን የተቀበለ ቤት

እንጀራ ጋግሬ ለሱቆችና ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አባታቸው ከእኛ ጋር አይኖርም። አዲስ አበባ የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ሲሆን እስከ ዛሬ አምስት ግቢ ተከራይቼያለሁ። ይህን የምጽፈው ጉሊት የማገኛቸው ሴቶች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው። «አንቺ እንዴት ብለሽ ነው አንድ ቤት አራት ዓመት የተቀመጥሽው?» ይሉኛል። ቆሜ በአጭሩ ስነግራቸው ግማሹ ይቀራል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ዋናው ነው።

ከአሁኑ ቤቴ በፊት ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ዓመት ኖሬ ነበር። ክፍሏ የጭቃ ቤት ናት፤ ኮርኒሷ ማዳበሪያ፣ ወለሏ ሊሾ። ስገባ 2,000 ብር ነበረች፣ ስለቅ 2,800። አከራይዋን እትዬ እላቸው ነበር፤ ደግ ሴት ናቸው። ትንሹ ልጄ ሌሊት ሲያተኩሰው ጤና ጣቢያ አብረውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው። በየወሩ አምስተኛው ቀን ብሩን በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል፣ አለቀ። ወረቀት የሚባል ነገር በመካከላችን አልነበረም። ውል እንጻፍ ማለት እሳቸውን መጠርጠር ይመስለኝ ነበር፤ አፍሬም አላነሳሁትም።

በ2014 ጥር ላይ እትዬ ታመው ሴት ልጃቸው ጋ ሄዱና ግቢውን ወንዱ ልጃቸው ተረከበ። በመጣ በሳምንቱ በሬን አንኳኩቶ፣ «የኅዳርና የታኅሣሥ ኪራይ አልከፈልሽም፤ ክፍሉንም ለራሴ ስለምፈልገው በሃያ ቀን ልቀቂ» አለኝ። ሁለቱንም ወር ከፍያለሁ። እትዬን ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ሕመማቸው ጠንቶ እኔን እንኳን የለዩኝ አልመሰለኝም። ሰፈር ውስጥ ሽማግሌ ለመንኩ። ሽማግሌዎቹ አመኑኝ፤ ግን ማመናቸው በልጁ ላይ የሚያሳርፈው ጫና አልነበረም።

ከዚያ ወደ ወረዳ ሄድኩ። በሬዲዮ እሰማ ነበር፤ የከተማ አስተዳደሩ ከ2013 ክረምት ጀምሮ የቤት ኪራይ መጨመርንና ተከራይ ማስወጣትን ከልክሎ በየጊዜው ያራዝመው ነበር። እሱን ተማምኜ ነው የሄድኩት። የተቀበለችኝ ልጅ ክፉ አልነበረችም። «እህቴ፣ ክልከላው ላንቺ ብሎ የወጣ ነው» አለችኝ። «ግን እዚያ ቤት ተከራይ መሆንሽን፣ ስንት እንደምትከፍይ፣ የቱን ወር እንደከፈልሽ በምን ልወቅልሽ?» የማሳያት ነገር አልነበረኝም። አራት ዓመት የከፈልኩት ገንዘብ አንድም ቦታ ስሜን አልጻፈም።

ለቅቄ ወጣሁ። ልጆቼን ይዤ ቃሊቲ እህቴ ጋ ገባሁ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነን ከረምን። ትልቋ ልጄ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረች። ደንበኞቼ እንጀራውን ከሌላ መውሰድ ጀመሩ። ቤት ሲሄድ መተዳደሪያውም አብሮ እንደሚሄድ ያኔ ነው የገባኝ።

ቤት ፍለጋው ሁለት ወር ፈጀ። ደላላ ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ናችሁ?» ነው። ሦስት ስል ድምፁ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ «ልጆቹ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?» ይመጣል። ከዚያ ምጣድ። ግቢ የሚያከራዩ ሰዎች ምጣድ ሲባል የመብራት ሂሳብና የተቃጠለ ገመድ ነው የሚታያቸው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ደበቅሁት። አንድ ክፍል አገኘሁ፣ 1,000 ብር ቀብድ ከፈልኩ፣ ለልጆቼ የምጋግር አስመስዬ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን ሌሊት አስር ሰዓት ላይ ምጣዱ ሲሰካ የግቢው መብራት ጠፋ። ሰውየው ጠዋት ዕቃዬን አስወጡኝ፤ ቀብዱም ቀረ። አልፈርድባቸውም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህን የማነሳው ብዙ እህቶቼ ልጅ ደብቀው፣ ሥራ ደብቀው፣ እናት ደብቀው ሲገቡ ስለማይ ነው። የተደበቀ ነገር ያለበት ቤት አይበረክትም፤ ለዕቃ ማመላለሻ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ደግሞ አንድ ወር ተጨማሪ መፈለግ ይሻላል።

ስለ ደላላ የማውቀውን ልበል። ቤት ለማሳየት ብቻ ብር የሚጠይቀውን ተይው፤ አምስት የማይሆን ቤት አዙሮ ካሳየሽ ቀኑን ሠርቷል። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ፣ ከሁለታችሁ ይቀበል ወይስ ካንቺ ብቻ፣ ቤቱን ከማየትሽ በፊት ተነጋገሪ። ቀብድ ለደላላ እጅ አይሰጥም፤ ለባለቤቱ፣ ባለቤት መሆኑን ካረጋገጥሽ በኋላ፣ በባንክ ወይም በቴሌብር ነው።

ርቀትም ያታልላል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ለሁለት የሚካፈል ሰው አግኝቼ ነበር፤ ከመሀል ከተማው በ900 ብር ይረክሳል። ደስ ብሎኝ ማታ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። እንጀራውን ወደ ደንበኞቼ ማመላለሻ፣ የልጆቹ ታክሲ፣ የእኔ መመለሻ ሲደመር ከ900 ብሩ አለፈ። ሥራው እዚያው አካባቢ ለሆነ ሰው ግን ጥሩ ቤት ነበር። ኪራዩን ብቻ አትዩ፤ ታክሲውን ጨምራችሁ ደምሩ።

የቀበሌ ቤትም አስቤ አውቃለሁ። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ከተወረሱት ትርፍ ቤቶች በዝቅተኛ ኪራይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ያልታደልን ደግሞ እንመኛለን። ቤቱ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። «የቀበሌ ቤት ላስተላልፍልሽ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። የመንግሥት ቤት በግለሰብ አይሸጥም፤ በዚያ የከፈላችሁትን ብር የትም ሄዳችሁ አታስመልሱትም። ለኮንዶሚኒየም ደግሞ ምዝገባ የነበረው በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ዕጣ የሚደርሳቸው ያኔ ተመዝግበው የቆጠቡት ናቸው፤ እኔ ከተማ የገባሁት ምዝገባው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ለእኔ ዓይነቱ የቀረው የግለሰብ ቤት ነው፤ እሱን ይዞ መቆየት ነው ጉዳዩ።

አሁን ያለሁበትን ቤት ያገኘሁት በደላላ አይደለም። ጤፍ የማስፈጭበት ወፍጮ ቤት ነው የተገኘው። ወፍጮ ቤት ያለው ሰው የትኛው ግቢ ውስጥ እንጀራ እንደሚጋገር፣ የትኛዋ ጋጋሪ እንደለቀቀች ያውቃል። ችግሬን ነገርኩት። «ቀጨኔ አንድ ጋሼ አሉ፤ የበፊቷ ተከራያቸው ጋጋሪ ነበረች፣ አገሯ ገብታለች» አለኝ። ልብስ ሰፊ ብትሆኑ ጨርቅ የምትገዙበትን፣ ጉልበት ሠራተኛ ብትሆኑ ቁርስ የምትበሉበትን ጠይቁ፤ ሥራችሁን የለመደ ግቢ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ ምጣድ የሚሠራበት አገር ምጣድ አይጠላም ብዬ ራሴን እያበረታሁ ሄድኩ።

ጋሼ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ገና ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ሁለት ልጆች፣ በቀን ሰማንያ እንጀራ፣ ሌሊት አስር ሰዓት የሚሰካ ምጣድ፣ በሳምንት ሁለት ቀን እህቴ ትመጣለች። ዝም ብለው ሰሙኝና «መብራቱስ?» አሉ። ለዚህ ተዘጋጅቼ ነበር። ለእኔ ክፍል ብቻ የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በራሴ ወጪ አስገባለሁ፣ ያነበበውን ያህል እከፍላለሁ፣ ገመዱን ኤሌክትሪሻን አይቶ ለምጣድ የሚበቃ ያደርገዋል፣ ስለቅ ቆጣሪውን ይዤ እሄዳለሁ አልኳቸው። መብራት በአምፖል ቁጥር ከሚከፈልበት ግቢ ሁሉ ጭቅጭቅ አይጠፋም፤ ይህን ካሳለፍኳቸው ግቢዎች አይቻለሁ።

የሦስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ፤ የዕቁብ ዕጣዬ የሚሸፍነው ሁለቱን ነበር፣ በሁለት ተስማማን። ኪራዩ 3,200 ብር ሆነ። ከዚያ እንዳላፍር ቀድሜ «ጋሼ፣ በጽሑፍ እናድርገው» አልኩ። ፈረንሳይ የደረሰብኝን ስነግራቸው አልከፋቸውም። ጎረቤት ሁለት ምስክር ጠርተን፣ በደብተር ወረቀት ሁለት ቅጂ ጽፈን ፈረምን። እንጀራ ለሽያጭ እንደምጋግር፣ የቆጣሪው ነገር፣ የውሃው ክፍያ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ሰፈረ። ከዚያ ወር ጀምሮ ኪራዬን በባንክ ነው የማስገባው፤ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ የወሩን ስም እጽፋለሁ። «የመጋቢት 2014 ኪራይ»፣ «የሚያዝያ 2014 ኪራይ»። ፈረንሳይ ሳለሁ ይህች አንዲት መስመር ብትኖረኝ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር።

በ2016 መጋቢት ላይ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ጸደቀ። ሰኔ ሲደርስ በየወረዳው ምዝገባ ተጀመረ። እኛን የሚነካው ይህ ነው፦ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ተረጋግጦ ይመዘገባል፣ ለዚህም ከፈረማችሁ ጀምሮ ያላችሁ ጊዜ ሠላሳ ቀን ነው። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ክፍያው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ባስታወቀው መጠን ብቻ ነው። መመዝገቡ የአከራይም የተከራይም ግዴታ ነው፤ «እሱ ካላስመዘገበ እኔ ምን አገባኝ» ማለት አያዋጣም።

ሰፈራችን ግን ፈርቶ ነበር። ብዙ ተከራይ «ምዝገባ ካነሳሁ ያስወጡኛል» ብሎ ዝም አለ። እኔም ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ እሑድ ቡና አፍልቼ ጋሼን ጠራኋቸው። አዋጁን እያነበብኩ አላስፈራራኋቸውም። በሁለት ዓመቱ እሳቸውም እንደሚጠቀሙ ነው ያነሳሁት፤ ቤቱ ባዶ አይውልም፣ ለደላላ አይከፍሉም፣ ማን እንደገባ ያውቃሉ። ካልተመዘገብን ቅጣቱ ሁለታችንንም እንደሚያገኘን ነገርኳቸው። «ግብሩስ ልጄ?» አሉኝ። የሚያስፈራቸው እሱ ነበር። የኪራይ ገቢ ግብር ከድሮም እንዳለና አዋጁ እንዳልፈጠረው ብናገርም አልጠገቡም። እምቢ አሉ። አልተከራከርኩም፤ ባንክ የምትሠራ ልጃቸው ስትመጣ ወረቀቱን እንድታነብላቸው ለመንኩ። በሳምንቱ ራሳቸው «ነገ እንሂድ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ጎረቤት ሰው ጋሼን «በውሉ ላይ 2,000 ብር ጻፉ፣ የቀረውን በእጅ ይቀበሉ» ብሎ መክሯቸው ነበር። ያኔ የምከፍለው 4,500 ነው። በጣም ብዙ ሰው እንዲህ እያደረገ ነው፤ ተከራዩም ቤቱን እንዳያጣ ብሎ ይፈርማል። እባካችሁ አትፈርሙ። በእጅ የምትሰጡት 2,500 ብር የትም አይታይም፤ ነገ «አልከፈልሽም» ቢባል እኔ በ2014 የቆምኩበት ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። በእጅ የሚሰጠው ቢጨመርባችሁም ውሉ አይከላከልላችሁም። ለጋሼ ይህንኑ ነው ያልኳቸው፤ «እኔ በሐሰት ወረቀት ላይ ልፈርም አልችልም፣ እርስዎም በእኔ ምክንያት አይጠየቁ»። ልጃቸው ደገፈችኝ። 4,500 ተጻፈ።

ወረዳ ስንሄድ የሁለታችንን መታወቂያና የቤቱን ካርታ ጠየቁን። ካርታው በሟች ባለቤታቸው ስም ነበር፤ የወራሽነት ማስረጃ አምጡ ተብለን ተመለስን። ጋሼ ተናደው «በቃ ይቅር» አሉ። ማስረጃው ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ፈልገን እስክናገኘው አራት ቀን ሄደ። ከመሄዳችሁ በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፤ ሽማግሌ ሰው ሁለት ጊዜ ሰልፍ ማስቆም ነገሩን ሊያበላሽ ይችላል። በሁለተኛው ጉዞ ተመዘገብን። ቅጂዬን በፕላስቲክ አድርጌ ከልጆቼ የልደት ካርድ ጋር አስቀምጫለሁ፤ በስልኬም አንስቼ ለእህቴ ልኬላታለሁ።

የውሉ ዋጋ የታየው በ2017 ነው። ኅዳር ላይ ትርፍ አንጀት ታምሜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ሦስት ሳምንት ምጣድ አልተሰካም። ጤፉ ተወዷል፣ የመብራት ታሪፍም ከዚያ ዓመት መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ ማለት ጀምሯል፤ እጄ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። ኪራይ ሳይከፍሉ መሰንበት አከራዩ ውሉን እንዲያቋርጥ መብት ይሰጠዋል፤ የተመዘገበ ውል ይህን አያስቀርም። ስለዚህ ቀኑ እስኪደርስ አልጠበቅሁም። ከሆስፒታል በወጣሁ በማግስቱ፣ ኪራዩ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ ጋሼ ጋ ገባሁ። «ዛሬ ግማሹን አለኝ። ቀሪውን በዚህና በዚህ ቀን» ብዬ ቀኖቹን ተናገርኩ። ግማሹን እዚያው በባንክ አስገባሁ። የቀሪውን ቀን በአንዲት ወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን።

ቀሪውን ያገኘሁት ከዕቁብ ነው። የእኔ ዕጣ ሁለት ወር ይቀረዋል። የዕቁቡን ሰብሳቢ «ተራ የሚለውጠኝ ሰው ፈልጉልኝ» አልኳት፤ አንዲት ሽሮ ሻጭ ለወጠችኝ። ዕርዳታ ብጠይቅ አፍር ነበር፤ ተራ መለወጥ ግን ዕርዳታ አይደለም፣ ገንዘቡ የራሴ ነው። ያልኩት ቀን ሳይደርስ ሁሉንም ከፈልኩ። ዕቁብ የሌላችሁ ቢያንስ የአንድ ወር ኪራይ የሚሆን ትንሽ ዕቁብ ግቡ። እኔ አሁን በሳምንት 300 ብር የምጥልበት፣ ለኪራይ ብቻ ያልኩት ሌላ ዕቁብ አለኝ፤ ለልብስም ለበዓልም አይነካም።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የጋሼ ወንድም መጥቶ «አካባቢው 7,000 ገብቷል፣ አንተ በ4,500 ትተኛለህ» አላቸው። ግቢ ትንሽ ናት፣ ሁሉም ይሰማል። በነጋታው ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ኑሮው ከበደ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ጡረታቸው ከእኔ የሽያጭ ብር ያንሳል። ውሉን አውጥቼ ፊታቸው ላይ አልዘረጋሁም። «ጋሼ፣ የተፈቀደው ጭማሪ ሲነገር ያንን እከፍላለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማውጣቴ ነው» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «እሱ ይሁን» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትኩስ ሦስት እንጀራ በሰፌድ እልክላቸዋለሁ። ይህን ኪራይ ላይ አንቆጥረውም፤ ወረቀትም የለውም፣ ሊኖረውም አይገባም።

ውሉ ሁሉን አይፈታም። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ማን ይቅዳ የሚለው ጠብ አለ፣ የልጆች ጩኸት አለ፣ በሩን ማታ ማን ይዝጋ የሚለው አለ። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ ሕግ እየጠቀሱ መዋል አይቻልም፤ እኔም ብዙ ነገር በዝምታ አልፋለሁ። ሦስት ነገር ላይ ግን ዝም አልልም፤ በወረቀቱ፣ በባንኩ ክፍያና በጭማሪው።

የእኔ ውል የሚያበቃው በ2018 ሰኔ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ጋሼን ላነጋግራቸው አስቤያለሁ፤ ለማደስ ከፈለጉ ቀድመን ወረዳ እንድንሄድ፣ ካልፈለጉ ደግሞ ልጆቼ ፈተና ሳይጨርሱ ዕቃ እንዳልጭን። የባንኩን መግለጫ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አውጥቼ ከውሉ ጋር አስሬዋለሁ። የካርታው ስም እስካሁን አልተዛወረም፤ የወራሽነቱ ማስረጃ ግን የት ሣጥን ውስጥ እንዳለ እኔም ጋሼም እናውቃለን።